ከገጠር ወደ ቦሌ ስለምትመጣ ልጃገረድ

ቦሌ በአዲስ አበባ ከተማ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ በኩል ያለ ሰፊ አገር ነው። ቀድሞ እርሻና የከብት መሰማሪያ ነበረ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደዚህ ሜዳ በተዛወረ ጊዜ ግን መለወጥ ጀመረ። መንገድ ወጣ፤ በመንገዱም ግራና ቀኝ ቪላ ተሠራ፤ በኋላም ፎቁ መጣ። ከዚያ ወዲያ ገርጂ፥ መገናኛ፥ ኮተቤ፥ ሲኤምሲ፥ ሰሚት፥ አያት የሚባሉት ሰፈሮች እየተያያዙ ከተማው ወደ ፀሐይ መውጫ ተዘረጋ።

በዚህ አገር ማለዳ የሚያልፍ ሰው የግቢው በር ሳይከፈት የመጥረጊያ ድምፅ ከውስጥ ይሰማል። የምትጠርገው ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ልጅ አይደለችም። ከጎጃም፥ ከጎንደር፥ ከወሎ፥ ከሸዋ፥ ወይም ከወላይታና ከሌላው አገር የመጣች ልጃገረድ ናት። በቤቱ ካሉት ሁሉ በፊት ትነሣለች፤ ከሁሉም በኋላ ትተኛለች። በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ዓመት አብረዋት የኖሩ ሰዎች የአባቷን ስም የማያውቁበት ጊዜ አለ።

ሰው ከእናቱ ቤት ወጥቶ ወደማያውቀው ከተማ የሚሄደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱም አንድ ብቻ አይደለም። መጀመሪያው የመሬት ማነስ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ነው ተብሎ በታወጀ ጊዜ ጭሰኝነት ቀረ፤ ገበሬም የሚያርሰውን መሬት ያዘ። ነገር ግን ሰው ይወልዳል እንጂ መሬት አይወልድም። ለምሳሌ አያት አምስት ጥማድ የነበረው እንደ ሆነ፥ ያ ማሳ ለልጅና ለልጅ ልጅ ሲከፈል ለአንዱ የሚደርሰው አንድ ጥማድ እንኳ አይሞላም። ዝናም ያነሰ እንደ ሆነ ደግሞ እርሱም አያበላም። በዚህ ጊዜ ከትምህርት ቤት ቀድማ የምትቀረው ሴቷ ልጅ ናት። ውኃ የምትቀዳና እንጨት የምትለቅም፥ ታናናሾቿንም የምታዝል እርስዋ ናትና።

ሁለተኛው ያለ ዕድሜ መዳር ነው። የ1992 ዓ.ም. የቤተ ሰብ ሕግ ከጥቂት ልዩ ፈቃድ በቀር ወንድም ሴትም 18 ዓመት ሳይሞላቸው እንዳይጋቡ ይከለክላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ የሚያገባውን ሰው ይቀጣል። ሕግ ግን ከወረዳው ከተማ እስከ ተራራው ጫፍ ሲወጣ ይደክመዋል። አባት ልጁን የሚድራት ጠልቷት አይደለም። ሳይሞት ከደኅና ቤት ጋር ሊዛመድ ይፈልጋል፤ ያላገባች ልጅ በቤት የቆየች እንደ ሆነ የጎረቤት አፍ ይፈራል። ልጅቱም ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ብታውቅም ሙሽራ ከመሆን መንገድ መምረጥዋ አይቀርም። ድግሱ ሳይጠመቅ ሌሊት ተነሥታ የሄደች ብዙ ናት።

ሦስተኛው ምኞት ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። ይህ ተረት ግን የጎረቤት ልጅ አዲስ ጫማ ተጫምታ፥ ለእናቷ ነጠላና ስኳር ይዛ ለበዓል ከአዲስ አበባ ስትመጣ ያላየ ሰው የተናገረው ይመስላል። ያች ልጅ በከተማ ያለቀሰችውን ለማንም አትናገርም። ጫማዋ ብቻ ይታያል።

ከደብረ ብርሃንና ከደሴ መንገድ የሚመጣው አውቶቡስ መንገደኞቹን በምሥራቅ በኩል በላምበረት መናኸሪያ ያወርዳል። ዘመድ ያላት ዘመዷ ይቀበላታል። ዘመድ የሌላትን ግን ብዙ ጊዜ ደላላ ይቀበላታል። ደላላ ማለት ሥራ ፈላጊንና ሠራተኛ ፈላጊን የሚያገናኝ ሰው ነው። ሥራው በራሱ ነውር አይደለም፤ እህልም ቤትም በደላላ ይሸጣል። ነገር ግን ደላላው ገንዘብ የሚያገኘው ልጅቱ በተቀጠረች ቁጥር ነው። በአንድ ቤት ረግታ ሦስት ዓመት የተቀመጠች እንደ ሆነ ከእርስዋ የሚያገኘው የለም። ስለዚህ አንዳንዱ በጥቂት ወር ውስጥ ደውሎ፥ «የተሻለ ቤት አግኝቼልሻለሁ፤ ውጪ» ይላታል። ልጅቱም ትወጣለች። አሠሪዋ «የገጠር ልጅ አትረጋም» ትላለች፤ የምክሩን ባለቤት ግን አታየውም።

አሠሪ ልጅቱን ከመቅጠሩ በፊት ተያዥ ይጠይቃል። ተያዥ ማለት ዕቃ ቢጠፋ ወይም ልጅቱ ብትሰወር የሚጠየቅ፥ መታወቂያና አድራሻ ያለው የከተማ ሰው ነው። አሠሪው ይህን መጠየቁ አግባብ ነው፤ ቤቱን ለማያውቀው ሰው የሚያምን የለምና። ነገር ግን ትናንት ከአውቶቡስ የወረደች ልጅ ተያዥ ከየት ታመጣለች? ስለዚህ ተያዥ ያላት በደኅና ደመወዝ ትቀጠራለች፤ የሌላት ግን የተሰጣትን ትቀበላለች። ለልጅቱስ ተያዥ የሚሆንላት ማን ነው? ደመወዟ ቢቀር፥ ብትመታ፥ ብትታመም ማን ይጠየቃል? ይህን ጥያቄ በዚያ ቀን የሚያነሣ አይገኝም።

ወደ ቤቱም ትገባለች። የመኝታዋ ቦታ ከዋናው ቤት በስተኋላ ያለው ሰርቪስ የሚባለው ክፍል ነው፤ በፎቅ ቤት የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ከማድ ቤት አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ወይም የሳሎኑ ምንጣፍ ነው። የቤቱን እመቤት እትዬ፥ ባለቤቱን ጋሼ እያለች ትጠራለች። ስሟ ለአንዳንዱ ቤት አፍ ያልጣመ እንደ ሆነ ሌላ ስም ያወጡላታል፤ እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚጠራ ሰው ሳትሰማ ወራት ያልፋሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት የማታውቀው ነገር ይበዛባታል። የጋዙ ምድጃ ሲጮኽ ትደነግጣለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ጭስ ስለሌለው የጋለ አይመስላትም፤ እጇን ታቃጥላለች። የፎቁ አሳንሰር በሩን ሲዘጋባት ግድግዳውን ትይዛለች። የቤቱ ልጆች በአነጋገሯ ይስቃሉ፤ እርስዋም ከእነርሱ ጋር ትስቃለች፥ ማታ ግን ቃሉን ለብቻዋ እያለች እንደ እነርሱ ለመናገር ትለማመዳለች። ከዚህ ጋር እርስዋ የምታውቀውን ነገር ማስተዋል ይገባል። ሊጡ መቼ እንደሚቦካ በሽታው ታውቃለች። አብሲት መጣል፥ ሽሮ ማዘጋጀት፥ ቡና ሳያርር መቁላት፥ የሚያለቅስ ሕፃን ማባበል ማንም ሳያስተምራት ይዛው የመጣችው ሙያ ነው። ይህ ሁሉ ለቤቱ ከጋዝ ምድጃው የበለጠ ይጠቅማል። ሆኖም ምድጃውን አለማወቋ ይነገራል፤ ሙያዋ ግን አይነገርም።

የደመወዟም ነገር ልብ የሚባል ነው። ብዙ አሠሪ በየወሩ በእጇ ይሰጣታል፤ አንዳንዱም በስሟ የባንክ ደብተር አውጥቶ ያስቀምጥላታል፤ ይህ የደግ ሰው ሥራ ነው። አንዳንዱ ግን «ብትይዢው ታጠፊዋለሽ፤ እኛ ዘንድ ይጠራቀምልሽ» ይላል። ወረቀት የለም፤ ምስክር የለም። በምትወጣበት ቀን የተሰበረው ብርጭቆና የተቃጠለው ልብስ ሲቆጠር ከተጠራቀመው ይቀነሳል። ማንበብና መቁጠር የማታውቅ ልጅ የተሰጣትን ይዛ ትወጣለች። የምታውቀዋ ግን የወሩን ቁጥር በደብተሯ ጀርባ ጽፋ ስለምትይዝ አፏን ከፍታ ትጠይቃለች።

ሰው የቤት ሥራን እንደ ዝቅተኛ ነገር የሚያየው ስለ ምንድር ነው? ሥራው ራሱ የከበረ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ያልተጋገረ እንጀራ አይበላምና። ምክንያቱ በታሪክ ውስጥ ይገኛል። በቀድሞ ዘመን በታላላቅ ሰዎች ቤት የሚፈጨውንና የሚጋገረውን፥ ውኃውንና እንጨቱን የሚሸከሙት ብዙ ጊዜ ባሪያዎች ነበሩ። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሻረ። አዋጁ ሰውን ነጻ አወጣ፤ በሥራው ላይ የወደቀው ንቀት ግን ቀረ። ገረድ የሚለው ቃል ራሱ ስድብ ሆነ፤ በቤት የምታገለግለውን ሴት የሚጠቅስ ቃል ለሌላ ሴት መስደቢያ ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ብዙ ሰው «የቤት ሠራተኛ» ይላል፤ ቃሉ ተሻሽሏል። ሳህኗ ለብቻ የሚቀመጥበትና የቤቱ ሰዎች ከጠገቡ በኋላ የምትበላበት ቤት ግን ዛሬም አለ።

ሕጉም ስለ እርስዋ የሚናገረው ጥቂት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሠራተኛው ከአሠሪው ጋር የሚኖር እንደ ሆነ መኝታው፥ ምግቡ፥ የሥራና የዕረፍቱ ሰዓት ጤናውንና መልካም ጠባዩን የሚጠብቅ እንዲሆን አሠሪውን ያዝዛል። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፥ ቁጥር 1156፥ የቀን ሥራ ከ8 ሰዓት፥ የሳምንቱም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፥ በየሳምንቱም ሳይቋረጥ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ደንግጓል። ይኸው አዋጅ ግን ለትርፍ ያልሆነውን የግል አገልግሎት፥ ይኸውም የቤት ሥራን፥ ወደ ጎን ትቶ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስነው ተወው። በጄኔቭ ያለው ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በ2003 ዓ.ም. 189ኛ ቁጥር የተባለውን ስምምነት ሲያወጣ፥ የቤት ሠራተኛ እንደ ሌላው ሠራተኛ መሆኗንና በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ማረፍ እንደሚገባት በግልጥ ጽፏል። በቦሌ ያለች ልጅ የምታርፍበት ቀን ግን በእትዬ ፈቃድ ነው።

ወጣት ናትና ትወድዳለች። ይህም የሚያስነውር አይደለም። በእናቷ አገር ቢሆን የወደዳት ጎረምሳ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ በአባቷ ደጅ ቆመው፥ የልጁን ዘርና ጠባይ ተናግረው፥ እሺ እስኪባሉ ይመላለሳሉ። በዚህ ምክንያት ጎረምሳው እንዲሁ በቀላሉ ትቷት አይሄድም፤ ቃሉን የሰሙ ሰዎች አሉና። በቦሌ ግን አባት የለም፤ ጎረቤት የለም። የምታገኘው ሰው የግቢው ዘበኛ ነው፤ ወይም ከፊት ለፊቱ በሚሠራው ፎቅ ድንጋይ የሚያቀብል የቀን ሠራተኛ ነው፤ ወይም ለቤቱ ዘይትና ሳሙና የምትገዛበት የሱቁ ልጅ ነው። የሚነጋገሩትም መልስ በመቀበልና ቆሻሻ በማውጣት ሰዓት ነው። ፍቅሯ የአሥር ደቂቃ ፍቅር ይሆናል፤ በአሥር ደቂቃም የሰው ጠባይ አይመረመርም።

ከእነርሱ መካከል እውነተኛ ሰው አይጠፋም። የቀን ሠራተኛው ከደመወዙ እየቆረጠ ዕቁብ ይጥላል፤ እርስዋም እንዲሁ ታደርጋለች። ዕቁቡ ሲወጣ በኮተቤ ወይም በጎሮ በኩል አንዲት ክፍል ተከራይተው ይጋባሉ። በዚህ ጊዜ የእርስዋ አሠሪዎች ደጋግ የሆኑ እንደ ሆነ ነገሩ ያምራል። እትዬ በእናት ፈንታ፥ ጋሼም በአባት ፈንታ ተቀምጠው ሽማግሌ ይቀበላሉ፤ ልብስ ገዝተው፥ ምሳ አዘጋጅተው ይድሯታል። እንዲህ ያደረጉ ቤቶች በአዲስ አበባ ጥቂት አይደሉም፤ ልጅቱም ከወለደች በኋላ ሕፃኗን ታቅፋ ለዓውደ ዓመት ትመጣባቸዋለች።

የሚከብደው የቤቱ ልጅ የወደዳት እንደ ሆነ ነው። እርሱ ትምህርት የተማረ፥ መኪና የሚነዳ ወጣት ነው። በማድ ቤት የሚነግራትን ቃል በሳሎን አይደግመውም። ልጅቱ ይህን መለየት ይከብዳታል፤ ማንም በዚያ ቤት በለሰለሰ ቃል ያናገራት የለምና። እናቱ የሰማች ቀን የምትባረረው ልጃገረዲቱ ናት እንጂ ልጁ ከቤቱ አይወጣም። ያረገዘች እንደ ሆነ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። በሆዷ ልጅ ይዛ የሚቀጥራት ቤት አታገኝም፤ ወደ አባቷ አገር እንዳትመለስ ከሠርግ ሸሽታ የወጣች ናት። ሁለት ሰው ያደረገውን አንዲቱ ብቻ ትሸከመዋለች። ሰዎችም ልጅቱን «ባለጌ» ይላሉ፤ ለልጁ ግን «ወጣት ነው፥ ተሳሳተ» ይሉታል። ሚዛኑ አንድ ሆኖ ክብደቱ ሁለት የሆነው በዚህ ቦታ ነው።

ከቤት ሥራ የምትወጣ ልጅ ሁለት መንገድ ይታያታል። አንደኛው የፋብሪካ መንገድ ነው። በቦሌ ክፍለ ከተማ በምሥራቁ ዳር በ2006 ዓ.ም. ገደማ የቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ጀመረ። በረጃጅም አዳራሾች ውስጥ ልብስና ጫማ እየተሠራ ወደ ውጭ አገር ይላካል፤ ከሠራተኞቹ የሚበልጡት ወጣት ሴቶች ናቸው። በዚያ አዋጁ ይደርስላታል። የሥራ ሰዓቷ የታወቀ ነው፤ የወለደች እንደ ሆነ ከመውለዷ በፊት 30፥ ከወለደች በኋላ 90 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች። ማንም እመቤት አትጠራትም፥ ማንም አያባርራትም ማለት ግን አይደለም፤ ተቆጣጣሪ አለባት፥ ስፌቷም በቁጥር ይታያል። በሰው ቤት ሳለች ያልከፈለችው የቤት ኪራይና የምግብ ዋጋ ደግሞ አሁን ከደመወዟ ይወጣል። ስለዚህ ሦስትና አራት ሆነው በአንድ ክፍል ያድራሉ። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ከቀረጥ ነጻ ዕቃ የማስገባትን ዕድል ከኢትዮጵያ በነሣች ጊዜ አንዳንድ የልብስ ፋብሪካዎች ሥራ ቀነሱ ወይም ተዘጉ። ከባሕር ማዶ የተቈረጠ ነገር በለሚ የምትሰፋውን ልጅ እራት እንዲህ ያስቀራል።

ሁለተኛው መንገድ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ ዓረብ አገር ያለው ነው። ደመወዙ ከአዲስ አበባው ይበልጣል፤ ብዙዎች በእርሱ ለእናታቸው የቆርቆሮ ቤት ሠርተዋል፤ ታናናሾቻቸውን አስተምረዋል። ነገር ግን በብዙዎቹ አገሮች የቆየው ከፋላ የሚባለው ሥርዓት ሠራተኛዋን ከአንድ አሠሪ ጋር ያስራታል፤ ያለ እርሱ ፈቃድ ቤት መለወጥ ይከለክላታል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተመልሰው በዚሁ ማረፊያ ወረዱ። በዚያው ዓመት መንግሥት ለሥራ ወደዚያ መሄድን ከለከለ፤ ክልከላውም በ2010 ዓ.ም. ተነሣ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አንዳንድ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በቤይሩት በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ጥለዋቸው ሄዱ። የመጀመሪያዪቱ ልጅ ተሻግራ ስትሄድና ሁለተኛዪቱ ሻንጣ የሌላት ሆና ስትመለስ የሚተላለፉት በአንድ በር ነው።

በሰው ቤት ሆና ሌላ ነገር የምትጀምርም አለች። በከተማው ባሉ ትምህርት ቤቶች የማታ ትምህርት አለ። አሠሪዋ የፈቀደች እንደ ሆነ እራቱን ቀድማ ሠርታ፥ ነጠላዋን ደርባ፥ ደብተሯን ይዛ ትሄዳለች። ከእርስዋ በዕድሜ ያነሱ ልጆች ቀን በተቀመጡበት ወንበር ትቀመጣለች፤ ጉልበቷ ከጠረጴዛው ጋር ይጋጫል። ቀኑን ሙሉ ስትሠራ የዋለች ስለ ሆነ እንቅልፍ ይታገላታል፤ አንዳንድ ጊዜም ያሸንፋታል። ፊደሉን ከጨረሰች በኋላ መጀመሪያ የምትጽፈው ስሟን ነው፤ በቤቱ የወጣላትን ሳይሆን ከእናቷ ዘንድ ያመጣችውን። ባንክ ሄዳ ደብተር ስታወጣም ከዚህ በፊት አውራ ጣቷን በቀለም ትነክርበት በነበረው ቦታ ይህንኑ ስም ትጽፋለች። ጸሓፊውም የአባት ስም ይጠይቃታል፥ እርስዋም ትነግረዋለች።